የሚጣ ጥርሳም

ሱሪ ላሳጥር ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎራ ብል ዝናቡ እዚያው አስቀረኝ። አንዲት ባልቴት ሚጣ ለሚሏት የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ልብስ ያስለካሉ። ሌላዋ ደንበኛ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነች፤ ለክፍሏ ያሰፋቻቸውን የጨርቅ እንስሳት ልትወስድ መጥታለች። ሰፊው እያየ አንዱን የሰፋበት ፎቶግራፍ ከመስተዋቱ አጠገብ ተለጥፏል፤ ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያገጠጠ ግዙፍ ፍጥረት።

ቀሚሱ በጭንቅላቷ ሲገባ ሚጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

"አርፈሽ ቁሚ! ጥርሳሙን እጠራብሻለሁ የምልሽ ያውልሽ፣ እዚህ ነው ያለው!" አሉ ባልቴቷ ወደ ፎቶግራፉ እያመለከቱ።

ልጅቷ ክው ብላ ቀረች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

መምህርቷ አላስቻላትም። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ እንስሳ ሰው አይበላም። ዋልረስ ይባላል። ከባሕር ወለል ዛጎል ለቅሞ የሚያድር ነው፤ ጥርሱም በረዶ ላይ ለመውጣት ይረዳዋል።"

"በላም አልበላም ልጄ፣ እሷ ከፈራችው ይበቃኛል። እናንተስ በፍርሃት አይደል ያደጋችሁት?"

"ፈርተን ዝም አልን እንጂ መቼ ተመከርን?"

"ደግሞስ በዕድሜዋ የማታየውን አውሬ ማወቅ ምን ይረባታል? ፊደሉ ይቅደም!"

"የማታየውን አውሬ መፍራትስ ምን ይረባታል፣ እማማ?"

ሰፊው ሳቁ አመለጠው። ባልቴቷም ፈገግ አሉ፤ "አንደበትሽስ አይታማም።"

ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚጣ እናት ከሥራ እስክትመለስ ልጅቷን የሚይዙት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው ሲዝል ጥርሳሙ ያግዛቸዋል።

መምህርቷ ቁጢጥ ብላ እንስሳቱን ደረደረች። "ይሄ አቆስጣ ነው፤ ባሕር ውስጥ ይኖራል፣ መሬት ላይ በሆዱ ይሳባል። ይሄ የባሕር አንበሳ፤ በመቅዘፊያዎቹ ይራመዳል፣ ትንንሽ ጆሮዎችም አሉት። ይሄ የፈራሽው ደግሞ ዋልረስ ነው፤ እናቱ ግልገሏን እቅፍ አድርጋ ነው የምትይዘው።"

"አቆስጣ? ስለ ቁርበቱ በመጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ መልኩ እንዲህ ነው እንዴ!" ባልቴቷም ጠጋ አሉ።

ሚጣ የአቆስጣውን ራስ ዳበሰች። "የሱ ጆሮስ?"

"ቀዳዳ ብቻ ናት፤ በውጭ አትታይም።"

"ታድሎ! አያመውማ።"

"አንቺን ያምሻል እንዴ?"

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ታዲያ ለምን ለእማማ አልነገርሽም?"

"ካለቀስኩ ጥርሳሙ ይመጣል።"

የስፌት መኪናው ቆመ። ባልቴቷ ተንበርክከው ፀጉሯን ገለጥ ሲያደርጉ ከጆሮዋ ኋላ አብጦ ቀልቷል። "እኔ ልሙትልሽ! እኔ እኮ እልክ መስሎኝ..." ነጠቅ አድርገው አዘሏት። ዝናቡ ሳያባራ ወደ ጤና ጣቢያ ገሰገሱ፤ እኔና መምህርቷም ተከተልናቸው። ሐኪሙ ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ መስማት ባቆመች ነበር አለ። ባልቴቷ የልጅቷን እግር ያሻሉ።

ሚጣ ዳነች። ከሳምንታት በኋላ ባልቴቷን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸውና ኑሮ እንዴት ነው አልኳቸው።

"ተመስገን። አሁን ሲያማት 'እማማ' ብላ ትጮሃለች። ጥርሳሙን ፈርታ አልጋ ሥር መደበቋ ቀረ። እምቢ ስትል ለምን እላታለሁ፤ እሷም ትነግረኛለች፤ የኔም ጉሮሮ አረፈ። ማታ ማታ ደግሞ ስለ አቆስጣ የምታስተምረኝ እሷ ሆናለች!"

በዚህ መሃል አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን እየጎተተች፣ "ዝም በል፤ አስተማሪዋ ጆሮህን ትቆርጠዋለች!" አለችው።

ባልቴቷ ዘወር ብለው እጇን ያዝ አደረጉ።

"ተይ ልጄ፣ በሰው አታስፈራሪው" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልጅ ሲያመው የሚጣራው የማይፈራውን ነው።"