ፀሐይ ላይ የተሰጣ ክኒን

ሀጂ ሙሄ ከወሎ መጥተው በጋምቤላ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም ሲሸጡ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሚዛን እንዲደፋ ብለው በርበሬ አላረጠቡም፤ ባዕድ ነገርም አልቀላቀሉበትም። «ያረጠበም ሌባ ነው፣ የቀላቀለም ሌባ ነው» ማለት ይወዳሉ። ይህ መልካም ጠባይ መሆኑን የሚክድ የለም። ክፋቱ፣ ሰው አንድ እውነት ሲይዝ በዚያው ቁልፍ የሁሉን ቤት ካልከፈትኩ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ኛኬር ወደ ሥራዋ ስትሄድ በሱቃቸው ደጃፍ አለፈች። ኛኬር በልጅነቷ ከሀጂ ሱቅ ከረሜላ እየገዛች ያደገች፣ ዛሬ የፋርማሲ ባለሙያ የሆነች የሰፈሩ ልጅ ናት። ሰላም ልትላቸው ጎንበስ ስትል፣ ከተሰጣው በርበሬ አጠገብ በትንሽ ሰፌድ ላይ ተራ በተራ የተደረደረ ነገር አየች። ክኒን ነው። ባለፈው ሳምንት ለባለቤታቸው ለእትዬ ሰውዳ በእጇ የሰጠችው የልብ መድኃኒት።

«አባባ ሙሄ፣ ይህ የእትዬ ሰውዳ መድኃኒት አይደለም?»

«ነው ልጄ። እርጥበቱን ላስለቅቀው ብዬ ነው» አሉ ያለ አንዳች ሀፍረት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታቸው መምህር አሸብር ስልኩን ከፍቶ ስለ ክኒኑ ሲያነብላቸው፣ ዱቄቱ ፋብሪካ ውስጥ በፈሳሽ ርሶ እንደሚሠራ፣ አንዱ ክኒንም ሁለት መድኃኒት እንደያዘ ነገራቸው። የረጠበ፣ በዚያ ላይ የተቀላቀለ። ሀጂ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋቸውም፤ መድኃኒቱን ለሦስት ቀን ከሚስታቸው ከለከሉ። እትዬ ሰውዳ ግን እግራቸው አብጦ፣ አንድ ነገር ተናግረው ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ቆመው የሚተነፍሱ ሰው ናቸው። ሀጂ የከለከሏቸው ስለሚወዷቸው ነው። ሰውን በፍቅር መበደልም አለ።

ኛኬር ደነገጠች። ሽማግሌ ፊት ድምፅ ከፍ አይደረግምና በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያም የእሳቸው በርበሬ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠየቀቻቸው። የሀጂ ፊት በራ። ዛላው ተቀንጥሶ እንደሚደርቅ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ርሶ እንደሚወቀጥ፣ ታፍኖ እንደሚሰነብት፣ እንደገና ተሰጥቶ ክው ብሎ ሲደርቅ ከቅመሙ ጋር እንደሚፈጭ አንድ በአንድ አስረዷት። እሷም እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«እንግዲያስ ረጥቧል፤ ተቀላቅሏልም» አለች።

«እሱማ እንዲዋሃድ ነው። ደግሞ መልሶ ይደርቃል።»

«ክኒኑም እንዲሁ ነው አባባ። ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ለልምምድ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ደረቁ ዱቄት ይቦናል፤ ማሽኑ ውስጥም እኩል አይወርድም። እንዲሁ ቢጨምቁት አንዱ ክኒን ብዙ መድኃኒት ይይዛል፣ ሌላው ትንሽ። ስለዚህ በጥቂት ፈሳሽ ያሹታል፤ ፍርፍር ሲሆን በሙቅ አየር ያደርቁታል፤ በወንፊት አሳልፈው ከዚያ ወደ ክኒን ይጨምቁታል። በሶ እንኳ በጥሬው ሲቅሙት ያስላል፣ ውሃ ሲነካው ግን ይያያዛል።»

ሀጂ በበሶው ተስማሙ፤ የወሎ ሰው በበሶ አይከራከርም። መቀላቀሉ ግን አልዋጥላቸው አለ።

«ተራ ቅልቅል አይደለም» አለች ኛኬር። «እንደ ተገመደ ገመድ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንዲት ቅንጣት ውስጥ ተሰልፈው ተያይዘዋል እንጂ አንዱም ራሱን አልለወጠም። ሆድ ውስጥ ሲደርሱ ውሃው ይፈታቸዋል፤ እያንዳንዱ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሁለት ከመዋጥ አንዱ ይበቃል።»

ሀጂ ጺማቸውን ዳበሱ። ነጋዴ ናቸውና ሌላው ያላየውን ቀዳዳ አዩ።

«ቆይ ልጄ። ውሃ ሆድ ውስጥ ከፈታቸው፣ ፋብሪካው ሲያረጥባቸውስ ለምን አይፈታቸውም?»

ኛኬር ደስ አላት። ትምህርት ቤት ሳለች ይህን ጥያቄ ያነሣ ተማሪ አልነበረም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አያስብም የሚል ካለ ይህን ይስማ።

«ሊፈታቸው ይችላል፤ እውነትዎን ነው» አለች። «የፋብሪካው ፍርሃትም እሱ ነው። ፈሳሹ ከበዛ ወይም ዱቄቱ ርሶ ከቆየ ግምዱ ይላላል። ስለዚህ የፈሳሹ ዓይነት ይመረጣል፣ ልኩ ይለካል፣ ማድረቁም አይዘገይም። በመጨረሻ ናሙና ወስደው ግምዱ እንዳለ መሆኑን በመሣሪያ ያያሉ። እኔ እያለሁ እንዲህ ያለ ክኒን ሲሞክሩ አንድ ቀን ግምዱ ላልቶ ተገኘ። የሙሉ ቀን ሥራ ነበር። የጥራት መርማሪዋ ይወገድ አለች፤ ተወገደ።»

«ሳይሸጥ?»

«አንድ ፍሬ ሳይሸጥ።»

ሀጂ የራሳቸው ነገር ትዝ አላቸው። አንድ ክረምት የባሮ ወንዝ ሞልቶ መጋዘናቸው ሲገባ አሥራ አንድ ጆንያ በርበሬ በስብሶባቸው ነበር። አድርቀህ ሽጠው፣ ማን ያውቃል ያላቸው ብዙ ነው። እሳቸው ግን ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ያን ቀን አብረዋቸው አፈር ያለበሱት እትዬ ሰውዳ ብቻ ናቸው።

«ለካ እዚያም እንደኔ ያለ ሞኝ አለ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንደ እርስዎ ያለ ሞኝ ባይኖር እኔም መድኃኒት አላድልም ነበር።»

ከዚህ በኋላ ሀጂ የቀራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ለመሆኑ ፀሐይ ምን ይጎዳዋል? ኛኬርም ክኒኑ በልኩ ደርቆ እንደታሸገ፣ ማሸጊያው ከእርጥበትና ከብርሃን እንደሚጠብቀው ነገረቻቸው። «አሁን ይህ ሐሩርና ወበቅ ምን እንዳደረገው እኔም አላውቅም። የማላውቀውን ደግሞ ለእትዬ ሰውዳ አልሰጥም» አለች።

እስካሁን ልትጠይቅ የፈራችው ነገር ነበር። ይህ መድኃኒት ከፋርማሲው አልቋል፤ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። «ሁሉንም ነው ያሰጡት?» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ሀጂ ሳይመልሱ ወደ ውስጥ ገቡ። መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። ሲመለሱ ያልተነካ ሦስት እሽግ በእጃቸው ነበር።

«አንዱን ብቻ ነው። ነጋዴ ያለውን ሁሉ ባንድ ቀን አያሰጣም፤ ዝናብ ቢመጣስ?»

ኛኬር እፎይ አለች፤ ሳቋም አመለጣት። ሦስት ቀን ስለ መቋረጡ ለሐኪሙ ደውላ ጠየቀች፤ በታዘዘው መጠን ይቀጥሉ ተባለ። በዚያው ጠዋት እትዬ ሰውዳ ክኒናቸውን ዋጡ። የተሰጣውን ግን ኛኬር በወረቀት ጠቅልላ በደንቡ እንዲወገድ ይዛው ሄደች። ሀጂም እንደዚያ እንደተቀበረው በርበሬ በዓይናቸው ሸኙት።

አሁን ሀጂ ሙሄ በርበሬ ለሚገዛ ሁሉ ሳይጠየቁ ይመክራሉ። ክኒን ከማሸጊያው የሚወጣው ሊዋጥ ሲል ነው፤ አይሰጣም፣ ወደ ሌላ ዕቃም አይገለበጥም። የተጠራጠረ ሰው ክኒኑን ከመከልከሉ በፊት ባለሙያ ይጠይቅ፤ ጥያቄ አያስቀጣም። መምህር አሸብርም ጀምሮ የተወውን ንባብ እንዲጨርስ ተመክሯል።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ሰውዳ እብጠታቸው ጎድሎ በእግራቸው ሱቅ ድረስ መጡ። ከጆንያው እፍኝ በርበሬ ዘግነው አሸት አሸት አደረጉና፣ «አንተ ሰው፣ ይህ መች ደረቀ? እኔ ስተኛ ሥራው ሁሉ ተኛ ማለት ነው? ነገ ሻግቶ ስማችንን ሊያጠፋው ነው፣ አውጣና መልሰህ አስጣው» ብለው አንድ ጊዜ እንኳ ለትንፋሽ ሳይቆሙ ወረዱባቸው።

ሀጂ ፈገግ ብለው ያዳምጣሉ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ምንም» አሉ ሀጂ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ቀጥይ።»