ሐይቅ ውስጥ የገባ ሱቅ

ከፔዳ በተሳፈርሁበት ባጃጅ ውስጥ የካህናት ልብስ ሰፊ የሆኑ አንድ አዛውንት አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ስልካቸውን ዘረጉላት።

«እስቲ እይልኝ ልጄ፣ ሱቄን የት ነው የሚለው?»

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ጣና ውስጥ ነው!»

«አዎ፣ መሀሉ ላይ።»

«ማን አስገባው?»

«እኔው ነኝ። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ፣ ሰው በስልክ ፈልጎ እንዲያገኝህ ካርታ ላይ ላስገባህ አለችኝ። ያለህበትን ቦታ ላክልኝ ስትለኝ ላክሁላት።»

«ታዲያ?»

«ያን ጊዜ ለገዳሙ የሰፋሁትን ካባ ይዤ ጀልባ ላይ ነበርሁ። ያለህበትን አለች፣ ያለሁበትን ላክሁ።»

«ወይ አባቴ! እኔም ፀጉር ቤቴን ላስገባ እያሰብሁ ነበር።»

«ስታስገቢ እዚያው ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አስገቢ።»

«እንድታስተካክለው አይነግሯትም?»

«ነግሬያታለሁ። አመልክቻለሁ፣ የካርታው ሰዎች እስኪፈቅዱ ጠብቅ ትለኛለች። ይኸው ክረምቱ ወጣ።»

«ደንበኛስ?»

«ድሮ ሰው ሰፈር ውስጥ ጠይቆ ያገኘኝ ነበር። አሁን አይጠይቅም። ስልኩን እያየ ሐይቁ ዳር ይደርሳል፣ ውሃውን አይቶ ይመለሳል። አንዱማ ካርታው ላይ፣ ከሱቄ ስም ሥር ‹እዚህ ምንም ሱቅ የለም፣ አትድከሙ› ብሎ ጽፎብኛል።»

«ምን ዓይነቱ ክፉ ነው!»

«ተይው ልጄ፣ ከሩቅ መጥቶ ደክሞት ይሆናል።»

ስልኬን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር ቆሜ የጻፍሁትን አጠፋሁ።