የስም ቀን ጥሪና አሮጌው መቆጣጠሪያ

ከስሞልያን ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ ለጎማው የበረዶ ሰንሰለት ሊያስር መንገድ ዳር ባይቆም ኖሮ፣ ከራዶስቲና ጋር ሳንተዋወቅ እንቀር ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ያቀፈች ወጣት ነበረች። አውቶቡሱ ሲቆም ወደ እኔ ዞር አለችና ከኮረብታው ላይ ያለውን የአረጋውያን ማረፊያ አውቀው እንደሆነ ጠየቀችኝ። የማረፊያው ሐኪም እንደሆንኩ ስነግራት ደስ አላት። የመጣችው የዋይፋዩን ኔትወርክ ልትመረምር ነበር። እኔም ኔትወርኩን ከመመርመር በፊት ጠባቂውን መመርመር እንደሚሻል ነገርኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን የቀለድኩት ግማሹን ብቻ ነበር።

ጠባቂው ባይ ትሪፎን ናቸው፤ «ባይ» በእኛ አገር ትልቅ ሰው በአክብሮት የሚጠራበት ነው። በስልክ ማዞሪያ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ አሁን ከእኛው ዘንድ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የዋይፋዩን ማሰራጫዎች ሁሉ የሚያዝ አንድ መቆጣጠሪያ አለ። እሱን የተከለው ልጃቸው ሉቤን ነው፤ ተክሎ ሲጨርስ ሥራ ፍለጋ ወደ ሃምቡርግ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ክፍሊቱን የሚከፍቱም የሚዘጉም፣ አቧራዋን የሚጠርጉም ባይ ትሪፎን ብቻ ናቸው። ባለፈው መከር ዳይሬክተሯ አዲስ ነገር ይሻላል ብላ፣ ሱቅ ውስጥ ካሉት ማሰራጫዎች ሁሉ በቅርብ የወጡትን ገዝታ በኮሪደሩ ጣሪያ ላይ አሰቀለች። መብራታቸው በራ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አላደረጉም። ባይ ትሪፎን ከሥራቸው ባለፉ ቁጥር ቀና ብለው እያዩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሉ ነበር።

ነገሩ ተራ ችግር ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው በስሙ ቀን፣ ማለት ስሙን የወረሰው ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት፣ ማንንም አይጠራም። በሩን ይከፍታል፣ ጠረጴዛውን ያዘጋጃል፣ የሚወደው ሰው ራሱ ይመጣል። ልጆች በየአገሩ ከተበተኑ ወዲህ መምጣቱ በስልክ ሆኗል። ተራራው የሞባይል ሲግናል ስለማያስገባ ደግሞ ጥሪው ሁሉ የሚገባው በዋይፋዩ ነው፤ ዋይፋዩም ከምግብ አዳራሹ አልፎ ብዙ አይሄድም። ባባ፣ ማለት አያት፣ ቫርቫራ የምትኖረው በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ከገና በፊት በሚውለው የስሟ ቀን ጥቁሩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጧት እስከ ማታ ተቀመጠች። ስልኩ አልጮኸም። አዳራሽ ሄደሽ ተቀመጪ ብላት፣ በስሜ ቀን ቤቴን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ አለችኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ በሳራጎሳ የጭነት መኪና የሚነዳው ልጇ ወደ ቢሮው ስልክ ደወለና ያን ቀን ሲሞክር እንደዋለ ነገረኝ። ሄጄ ስነግራት ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝና «ዶክተር፣ ውሸትም ለደም ግፊት ይታዘዛል?» አለችኝ። አላመነችኝም። እኔም ከክፍሏ ስወጣ አዘንኩ፣ ተናደድኩም።

ራዶስቲና ይህን ሁሉ ከእኔ ሰምታ ከደረጃው ሥር ስትደርስ፣ ባይ ትሪፎን በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ልጄ፣ በከንቱ ደከምሽ» አሏት። «ይህ ዕቃ ከተተከለ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ታሞ አያውቅም። ሥራ የማያውቁት አዲሶቹ ናቸው።»

«አዲሶቹም አልታመሙም፣ ባይ ትሪፎን» አለች በትሕትና። «ማሰራጫ ብቻውን ሥራ የለውም። መቆጣጠሪያው ማን እንደሆነ አውቆ ሊያዘው ይገባል። የእርስዎ መቆጣጠሪያ የተሠራው እነዚያ ሳይታሰቡ ነው። በር ያንኳኳሉ፣ እሱ አያውቃቸውም፣ አይከፍትም።»

«ጥሩ ዘበኛ ነዋ።»

«ዘበኛነቱስ ጥሩ ነበር። ከበር የሚመልሰው ግን የቤቱን ሰዎች ነው።»

ቀጥላም ሐሳቧን ነገረቻቸው፦ አሮጌው መቆጣጠሪያ ይነሣ፣ አሮጌዎቹም ማሰራጫዎች ይውረዱ፣ ሁሉም በአዲስ ይተካ። እዚህ ላይ ወጣቷ ቸኮለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ዳይሬክተሯም የተሳሳተችው በዚሁ መንገድ ነበር። ባይ ትሪፎን ቀስ ብለው፣ አሮጌዎቹ ማሰራጫዎች ዛሬም አዳራሹንና ወጥ ቤቱን ያለ እንከን እንደሚያገለግሉ፣ ሁሉም ይለወጥ ከተባለ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ጭምር መነካካቱ እንደማይቀር አስረዷት። በመጨረሻም «የሚሠራን ነገር አውጥቶ የሚጥል ሰው፣ ነገ እኛንም ይጥላል» አሉ።

ራዶስቲና ፊቷ ቀላ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ከፈተችና የመቆጣጠሪያውን ዓይነት፣ የሶፍትዌሩን ደረጃ፣ የአሮጌዎቹን ማሰራጫዎች ስም አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌውም ሳይወዱ መለሱ። ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ አለች፦

«ልክ ነዎት። ሁሉን መጣል አያስፈልግም። ከአሮጌዎቹ በኋላ፣ ከእነዚህ ከአዲሶቹ በፊት የወጣ ማሰራጫ አለ። የመቆጣጠሪያውን ሶፍትዌር አንድ ደረጃ ከፍ ብናደርገው ያንን ያውቀዋል። የእርስዎንም አሮጌዎች አይጥልም፤ የሚጥላቸው ከዚያ በላይ ብንወጣ ነው። አንድ ቀን መቆጣጠሪያው ሲደክም ደግሞ እነዚያው ማሰራጫዎች ለተተኪው ይታዘዛሉ። አዲሶቹን ለሱቁ መልሰን በእነሱ እንለውጣቸው።»

«ልጄ የተከለውስ? ከነአሠራሩ ይጠፋል?»

«ከመንካቴ በፊት ሁሉንም ቀድቼ አስቀምጣለሁ። የሉቤን ሥራ እንደ ሉቤን ሥራ ይኖራል።»

እዚህ ላይ ክርክሩ ማለቅ ነበረበት። ሽማግሌው ዕቃውን ያውቃሉና ትክክል መሆኗ አልጠፋቸውም። ግን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብለው በሩን ቆለፉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ። እኔም ግራ ገባኝ። ሰው በነገሩ ተረትቶ እንቢ ሲል ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ተከተልኳቸው፤ ራዶስቲናም ከኋላዬ መጣች።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። ተቀመጡ ሳይሉን፣ ለእኔ ብቻ እንደሚናገር ሰው ሆነው ጀመሩ።

«ዶክተር፣ ሉቤን በስሜ ቀን ከደወለልኝ ዓመታት አለፉ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ሲግናሉን አያለሁ። ደካማ ነው። ደውሎ ይሆናል፣ ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል እልና እተኛለሁ። ይህች ልጅ ሲግናሉን ሙሉ ካደረገችው፣ ማታ ለራሴ ምን እላለሁ?»

 ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ የዕቃ ጥበቃ፣ ናፍቆት ነበር። ለአረጋውያን ስንት ዓይነት መድኃኒት ጽፌያለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ግን አልተማርኩም።

ራዶስቲና ከፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እናቴ ጣልያን አገር የሰው እናት ታስታምማለች» አለች። «መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ባይ ትሪፎን፤ አላሾፍብዎትም። ግን የባባ ቫርቫራ ልጅ ደውሏል። የእርስዎ ምናልባት ደውሏል እንዲቆይ ሲባል፣ የእሷ እርግጠኛ ጥሪ ጠፍቷል። ልጄ ረስቶኛል ብላ ነው የምትተኛው። እርስዎ ተስፋዎን ያቆዩት በእሷ ተስፋ ላይ ቆመው ነው።»

ሽማግሌው በተከፈተው በራቸው በኩል ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አዩ፤ የባባ ቫርቫራ በር እንደ ወትሮው ገርበብ ብሎ ነበር። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በእጇ ላይ አኖሩት።

«መጀመሪያ ቅጂውን» አሉ። «ቅጂው ሳይያዝ እንዳትነኪው።»

መካከለኛዎቹ ማሰራጫዎች መጥተው ሲሰቀሉ ባይ ትሪፎን ራሳቸው መሰላሉን ያዙ። መቆጣጠሪያው አንዱን ከሌላው እያከታተለ አወቃቸው፤ አሮጌዎቹም በቦታቸው ሠሩ። ከዚህ የተገኘውን ጥቅም ያየሁት በዓይኔ ነው። ሰዎች የቤተሰባቸውን ምሥጢር ምግብ አዳራሽ ውስጥ መጮህ ተዉ። ከወንድሟ ጋር በውርስ ጉዳይ የምትጣላ አንዲት ነዋሪ እንኳ አሁን በክፍሏ ውስጥ በክብር ትጣላለች። የባባ ቫርቫራ ልጅ በደወለ ጊዜ፣ ሴትየዋ እዚህ ከገባች ጀምሮ አይቼ የማላውቀውን ነገር አደረገች፤ ተነሥታ በሯን ዘጋች። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ለመግዛት የምትነሡ ሁሉ፣ ስለ አዲሱ ችሎታ ሻጩን ከመጠየቃችሁ በፊት አሮጌው ማንን እንደሚያውቅ ጠይቁ። ያላችሁን አትናቁ፤ ባላችሁም ላይ አትቆልፉ።

ወይን በሚገረዝበት በቅዱስ ትሪፎን ቀን ባይ ትሪፎን ጠረጴዛቸውን በጊዜ አዘጋጁ። ዳቦ፣ የተጠበሰ በርበሬ፣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን። ስልኩን ከመካከሉ አኖሩት። ሲግናሉ ሙሉ ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ እየመጣ ጠጣ፣ መረቀ፣ ሄደ። ስልኩ ዝም እንዳለ ቀኑ መሸ። ስገባ ብቻቸውን ነበሩ፤ ፊታቸውን ሳየው ይህን ነገር ባልጀመርነው ኖሮ አልኩ።

«አሁን አወቅሁ፣ ዶክተር» አሉኝ። «አልደወለም።»

«ይደውሉለት።»

«በስሜ ቀን? የቤት ጌታ ወጥቶ እንግዳ ይለምናል?»

«ያ ወግ የወጣው ልጅ ከመንገድ ማዶ በሚኖርበት ዘመን ነው» አልኳቸው። «ዛሬ ልጅዎ በሩን ማየት አይችልም፤ ክፍት ይሁን ዝግ በምን ያውቃል?»

 ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ደወሉ። ረጅም ጊዜ ጠራ። ሲነሣ ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ተሰማ።

«አባዬ?» አለ በመጨረሻ። «ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። ቀኔ ነው። ጠረጴዛው ተዘጋጅቶ አንተ አልመጣህም፤ እኔው መጣሁ።»

ሉቤን ማልቀስ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ሥራ በዝቶበት ቀኑን እንደረሳው፣ በሁለተኛው የመጀመሪያውን አፍሮ እንደተወው፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ እንደሚያመሽ ነገራቸው። ዛሬም ይዞት ነበር። ባይ ትሪፎን ሁሉንም ሳያቋርጡ ሰሙ፤ ቁጣም ወቀሳም አልወጣቸውም።

«ተወው» አሉት። «ፊትህን አሳየኝ።»

የስልኩ ስክሪን ላይ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቆራረጥ፣ የአንድ ሰው ፊት ወጣ። አባትየው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ ከዚያ በጣታቸው መስታወቱን ዳሰሱት።

«ሸብተሃል፣ ልጄ» አሉ።