ልጄን ከሞት አንሺልኝ

(ወልድያ፣ ሰኞ ረፋድ፤ የልብስ ሰፊዋ የውባለም ቤት። የቀድሞ ባሏ እናት እማማ የሺመቤት ነጠላቸውን ለሐዘን እንዳዘቀዘቁ፣ ንፍሮ በፌስታል አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆመዋል።)

የሺመቤት፦ አልቀመጥም አልኩሽ! መጀመሪያ ልጄን ከሞት አንሺልኝ፤ ከዚያ እቀመጣለሁ።

ውባለም፦ ኧረ እማማ ይግቡ፣ ሰው ያየናል። ጌጡ እኮ አልሞተም። ድርሰት ነው! ልብ ወለድ!

የሺመቤት፦ እሱን ለእድሩ ጥሩምባ ነፊ ንገሪው። ትናንት «የወይዘሮ የሺመቤት ልጅ ጌጡ አርፏል» እያለ ሰፈሩን ሲያካልለው ዋለ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ይኸው የተረፈውን ይዤልሽ መጣሁ። ብዪ፣ የሥራሽ ነው።

ውባለም፦ ሬድዮው እኮ ሲጀምር «የአድማጮች ድርሰት» ብሎ ተናግሯል።

የሺመቤት፦ እኔ ስከፍተው «ጌጡ ከድልድዩ ላይ ወደቀ፤ ወንዙም ወሰደው» ይላል። ይህን የሰማች እናት «ቆይ፣ ድርሰት ይሆናል» ብላ ቡናዋን ትጠጣለች? ጮህኩ! ጎረቤት ጩኸቴን ሰማ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው?

ውባለም፦ በዚህ አገር ስንት ጌጡ አለ!

የሺመቤት፦ ሹፌር የሆነ፣ ግራ እግሩን ጎተት የሚያደርግ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፣ ሚስቱን ጥሎ ሴት ተከትሎ መተማ የገባ? አንድ ነው። እኔ ነኝ የወለድኩት።

ውባለም፦ ስሙን ልለውጠው ሞክሬ ነበር። «ከበደ» ብዬ ጻፍኩ። ከበደ ግን ምን በደለኝ? ምስኪኑን በጅብ ሳስበላው አንጀቴን በላኝና ስገላበጥ አደርኩ።

የሺመቤት፦ በጅብ?

ውባለም፦ ያ ድሮ ነው፣ ስጀምር አካባቢ።

የሺመቤት፦ አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን ስንቴ ነው የገደልሽው?

ውባለም፦ ሬድዮ ላይ የወጣው አንዱ ብቻ ነው። የቀረው ለራሴ ነው። አንዴ ጅብ በላው፣ አንዴ መብረቅ መታው፣ አንዴ ደግሞ መተማ፣ ያቺ የተከተላት ሴት ቤት በግ ታርዶለት አጥንት አነቀው።

የሺመቤት፦ አጥንቱስ እውነትነት አለው። ጌጡ ሲበላ አያላምጥም።

ውባለም፦ ስንቴ ነገርኩት!

የሺመቤት፦ ወሬ አታስቀይሪኝ! ከምትጽፊበት ይልቅ ጠንቋይ ቤት ሄደሽ ብታስደግሚበት ይሻል ነበር። ቢያንስ እድሩ አይሰማም።

ውባለም፦ የሄድኩትማ ጤና ጣቢያ ነው። ጌጡ የሄደ ሰሞን እህል አስጠላኝ፣ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የሰው ቀሚስ እጅጌውን አንገቱ ላይ ገጠምኩት። ሲስተሯ ኪኒን ትሰጠኛለች ስል «ውስጥሽ ያለውን ጻፊው» አለችኝ።

የሺመቤት፦ ጻፊው አለችሽ እንጂ ግደይው አለችሽ?

ውባለም፦ መጀመሪያ እርግማን ብቻ ነበር የምጽፈው። እርግማን ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ታሪክ አደረግሁት። ጅብ የበላው ዕለት ፀሐይ እስኪወጣ ተኛሁ። በመብረቁ ጊዜ እህል ቀመስኩ። እየቆየሁ ስሄድ ግን ዝም ብሎ መግደሉ አልጥምሽ አለኝ። ምን እያሰበ ነው? ማንን እየናፈቀ ነው? እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። በዚህኛው ከመውደቁ በፊት ወደ ኋላው ዞሮ ያያል።

የሺመቤት፦ እሱን ሰምቻለሁ። እሱ ነው የገደለኝ።

ውባለም፦ ጥሩ ነበር?

የሺመቤት፦ አሁን እኔ ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት? ስሚኝ! እሑድ በሚቀጥለው ክፍል ይዳን። ቅርንጫፍ ይያዝ፣ ዋናተኛ ያውጣው፣ እንደፈቀደሽ። የእድሩ ዳኛ ምን አሉኝ መሰለሽ? «ለአንድ ሰው ሁለቴ ድንኳን አንተክልም፤ ልጅሽ ከእንግዲህ እንዳይሞት።» ስመጣ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል። «ኧረ አልሞተም» ስላቸው «አይ እናት! ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ብለው ከንፈር መጠጡልኝ።

ውባለም፦ አዝናለሁ እማማ። ግን አላድነውም።

የሺመቤት፦ ምን አልሽ?

ውባለም፦ እሱን ካዳንኩት የምታመመው እኔ ነኝ። ነፍስ ከዘራልኝ እንደገና በር በሩን ማየት እጀምራለሁ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መርፌ ጣቴን ይወጋኛል። ገና አሁን ነው ሰው የሆንኩት፣ አይጨክኑብኝ።

የሺመቤት፦ አንቺ ሰው እንድትሆኚ እኔ የሙት እናት ልሁን?

ውባለም፦ ይህ ሁሉ ምን አስፈለገ? ይደውሉለትና ድምፁን ለእድርተኛው ያሰሙት። በአንድ ስልክ ያልቃል።

የሺመቤት፦ ይሄ ስፌት ጥሩ ነው። የማን ቀሚስ ነው?

ውባለም፦ እማማ?

የሺመቤት፦ ቁጥሩን ቀይሯል።

ውባለም፦ አዲሱን ለእርስዎም አልሰጠዎትም?

የሺመቤት፦ ሹፌር አይደል? እየነዳ ስልክ አይነካ ይሆናል።

ውባለም፦ ከሄደ ጀምሮ ሳይቆም እየነዳ ነው?

የሺመቤት፦ አትሳቂብኝ!

ውባለም፦ አልሳቅኩም። የተተውኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የሺመቤት፦ በዓል በመጣ ቁጥር ለጎረቤት «ደውሎ ነበር፣ ደህና ነው» እላለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ውባለም፦ ታዲያ ትናንት እንዴት ቻሉት?

የሺመቤት፦ እንዳትታዘቢኝ። ትናንት ያለቀስኩትን ያህል ለባሌም አላለቀስኩ። ደረቴን መታሁ፣ ሙሾ አወጣሁ፦
«የጌጡን መርዶ ይዞ በጠዋት ያወራ፣
ሬድዮውም ይሰበር ከነባትሪው ጋራ!»

ውባለም፦ እርስዎ ነዎት ያወጡት? ከየት አመጡት?

የሺመቤት፦ ድርሰት ያንቺ ብቻ መሰለሽ? ሴቱ ሁሉ እየተቀበለ አስነካው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ደግሞ የሚሉትን ብትሰሚ! «ደግ ነበር፣ እናቱን ወዳድ ነበር!» ስለማን እንደሚያወሩ ግራ ገብቶኝ ዙሪያዬን አየሁ። በኋላ ታሪኩን ያነበበው የሬድዮው ሰውዬ ራሱ መጥቶ «የውባለም ልብ ወለድ ነው» ሲል ድንኳኑ ፈረሰ። እና ቆጨኝ።

ውባለም፦ ልጅዎ በሕይወት አለ ተብሎ?

የሺመቤት፦ ገና አልጨረስኩማ! የሞተ ልጅ ድንኳን አለው፣ ንፍሮ አለው፣ አብሮ የሚያለቅስ ጎረቤት አለው። በዚያው የቀረ ልጅ ምን አለው? ብታለቅሺለት «ምን ታሟርታለች» ይሉሻል። ለቅሶው ታምቆ ከረመ፤ ትናንት ወጣልኝ። ሌሊቱን ለጥ ብዬ አደርኩ። እናት ሆኜ በልጄ መርዶ መተኛቴ አሳፈረኝና በማለዳ አንቺ ላይ ልጮህ መጣሁ።

ውባለም፦ አሁንስ ይቀመጡ እማማ።

የሺመቤት፦ ቅድም ስፌቱን ሳይ ሳላውቀው ተቀምጬ የለም እንዴ?

ውባለም፦ እሺ፣ ለእርስዎ ስል ላድነው። የእኔን ሕመም እንደ ምንም እችለዋለሁ። ቅርንጫፍ ይያዝና ይውጣ።

የሺመቤት፦ ቆይ፣ ቆይ። ከወጣ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

ውባለም፦ እንግዲህ ጌጡ ጌጡ ነው። ልብሱን ያደርቅና መተማ ይመለሳል።

የሺመቤት፦ እህ! ለዚህ ነው የምናድነው? ይቅር፣ አታድኚው።

ውባለም፦ እማማ!

የሺመቤት፦ ግን ከመውደቁ በፊት፣ ድልድዩ ላይ እንዳለ፣ ይደውልልኝ።

ውባለም፦ እሱ እኮ ወድቋል፤ አገር ሰምቷል።

የሺመቤት፦ አንቺ አይደለሽ የጣልሽው? ወደ ኋላ መልሺው!

ውባለም፦ መለስኩት። ደውሎ ምን ይበልዎት?

የሺመቤት፦ «እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ» ይበል። «አንቺንም ውባለምንም በድያለሁ» ይበል።

ውባለም፦ እኔን ይተዉኝ።

የሺመቤት፦ አልተውሽም። ጻፊው!

ውባለም፦ «ውባለምንም»... ጻፍኩት።

የሺመቤት፦ ንፍሮ ቅመሺና ቀጥዪ።

ውባለም፦ «ጌጡ ድልድዩ ላይ ቆመ። ስልኩን አወጣ።» ቁጥርዎን ያስታውሰዋል ግን?

የሺመቤት፦ በቃሉ ያውቀዋል ብለሽ ጻፊ።

ውባለም፦ «በቃሉ ወደሚያውቀው የእናቱ ቁጥር ደወለ። ስልኩ ጠራ።» አሁን ያነሱታላ?

የሺመቤት፦ አላነሳም! ትንሽ ይጥራ፤ እኔም ጠብቄዋለሁ።