ያልተመለሰው ሰሃን

ከዓሣ ተራ ስመለስ ሐጅ በዩሚን ከሕንፃችን በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። በዚያ ሰዓት እዚያ የሚቀመጡት የባሕሩን ነፋስ ፍለጋ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ሐጅ በዩሚ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእስክንድርያ ትራም ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እኛ ነዋሪዎቹም የሕንፃው ኃላፊ አድርገን የመረጥናቸው ሰው ናቸው። ደግነታቸውን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ አንድን ሰው አንድ ጊዜ አይተው ከፈረዱበት፣ ሁለተኛ የማየት ልማድ የላቸውም።

«ኡስታዝ፣ እንኳን መጡልኝ» አሉ ወንበር እየሳቡልኝ። «የዓርቡ ፋቲሃ ቀርቷል።»

ዓሣዬን እንደ ያዝሁ ደንግጬ ቆምሁ። ዓርብ ቤተሰብ ተሰብስቦ ፋቲሃ የሚቀራው ለልጃቸው ለኢናስና ምድር ቤት ለሚኖረው ለረፈአት ነበር፤ ፋቲሃ ከተቀራ ደግሞ ልጅቱ ታጨች ማለት ነው። ረፈአት ወደብ ላይ የሚሠራ ጭምት ጎረምሳ ነው፤ ከእናቱ ከኡም ረፈአት ጋር ከላይኛው ግብፅ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ብዙ አይደለም። ኢናስ ከእሱ ጋር ደረጃ ላይ ስትገናኝ እንዴት እንደምትቀላ ያላየ ጎረቤት ግን አልነበረም።

«ልጁ ምን አጠፋ?» አልኋቸው።

«ልጁማ ምን ያጠፋል? እናትዬዋ ናት እንጂ! ሰሃኔን በላችው።»

ሳቄን እንደ ምንም ዋጥሁት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«በረመዷን ባለቤቴ ያንን ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ትልቁን ሰሃን ሙሉ የኩናፋ ጣፋጭ አድርጋ ላከችላት። ሰሃን ከጎረቤት ቤት ባዶውን እንደማይመለስ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ብስኩትም ይሁን ፍራፍሬ፣ ትንሽ ነገር አድርጎ መመለስ ነው። ይቺ ግን ባዶውን እንኳ አልመለሰችውም! በዓሉ መጣ፣ ሄደ፤ ሰሃኔ የለም። እንግዲህ እኔ ልጄን ውለታ ለማያውቅ ቤት ልስጥ?»

ይህን ሲሉ የወንድማቸው ልጅ ሰሚሓ የዩኒቨርሲቲ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ደረሰች። ሰሚሓ የምትማረው ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ነው፤ ይኸውም ሰው ከሰው ጋር ሲኖር ምን እንደሚያስብ፣ ለምን እንደሚያስበውና ምን እንደሚያደርግ የሚመረመርበት ትምህርት ነው። ሐጅ በዩሚ ስለዚህ ትምህርት ያላቸው አስተያየት፣ እሳቸው ከትራም ላይ በነጻ ያገኙትን ዕውቀት እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትለቅመዋለች የሚል ነው።

«ሰማሁ እኮ አጎቴ» አለች እጃቸውን ስማ። «ኢናስ ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች። በአንድ ሰሃን?»

«በሰሃኑ አይደለም፣ በጠባዩ ነው! ጠባይ ከትንሽ ነገር ይታወቃል።»

«እሺ። ትራሙ ሲዘገይ ተሳፋሪው ምን ይልዎት ነበር?»

«ምን ይለኛል፣ ይሰድበኛል! ‹እናንተ ሰነፎች፣ ሻይ ስትጠጡ ነው› ይላል።»

«እውነት ሻይ ሲጠጡ ነበር?»

«የምን ሻይ?» ብለው ከወንበሩ ብድግ አሉ። «መብራት ይጠፋል፤ ጋሪ ሐዲዱ ላይ ይገለበጣል፤ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ሐይቅ ነው የሚሆነው! እኔ ምን ላድርግ?»

«ትኬት የሌለው ተሳፋሪ ሲያገኙስ ምን ይሉት ነበር?»

«ሌባ ነዋ!»

እኔም ሰሚሓም አንድ ላይ ሳቅን። ሐጅ በዩሚ ምን እንዳሳቀን ገብቷቸው ጢማቸውን ጎተት አደረጉ።

«አየህ ወይ ኡስታዝ» ልትለኝ ቃጥቷት ወዲያው አረመችና፣ «አዩ ኡስታዝ» አለች። «እኛ ስናጠፋ ምክንያቱ ውጭ ነው፤ መብራቱ፣ ዝናቡ፣ መንገዱ። ሌላው ሲያጠፋ ምክንያቱ ጠባዩ ነው። የራሳችንን ችግር ከውስጥ ሆነን እናየዋለን፤ የሌላውን ግን አናየውም፤ የሚታየን ሰውየው ብቻ ነው። አስተማሪዎቻችን መጀመሪያ ያስተማሩን ይህንን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ስሕተት ነው፤ እኔም ጭምር።»

«እሱስ ለተሳፋሪ ነው» አሉ ሐጅ። «እነዚህ ግን ሰዒዲዎች፣ የላይኛው ግብፅ ሰዎች ናቸው። ሰዒዲ ደረቅ ነው፤ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ድንጋዩን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነው።»

«አጎቴ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ኒዕመት መሰላልዎን ከወሰዱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«ኧረ ክረምት ነው የወሰዱት! ምስኪን፣ ይረሳሉ እኮ። አርጅተዋል።»

«እሳቸው ‹ይረሳሉ›፣ ኡም ረፈአት ግን ‹ትበላለች›። ሁለቱም የሰው ዕቃ ነው የያዙት። ልዩነቱ አንዷ የሰፈራችን ልጅ፣ ሌላዋ እንግዳ መሆኗ ብቻ ነው። ለራሳችን ሰው ሰበቡን እኛው እንፈልግለታለን፤ ለባዕድ ግን ለአንዱ ጥፋት አገሩን በሙሉ እንከስሳለን።»

ሐጅ በዩሚ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለሰዒዲ ጠበቃ እንድትሆኚ ነው እንዴ?» አሉ። «እሺ፣ ሰሃኑ ይቅር። ለምን ትሸሸኛለች? እኔን ስታይ በሯን ትዘጋለች፤ ደረጃ ላይ ከተገናኘን ወደ ግድግዳው ዞራ ታልፋለች። ጥፋት የሌለበት ሰው ይደበቃል?»

«ከበዓሉ ወዲህ ሰላም ብለዋት ያውቃሉ?»

«ሰሃኔን የበላችን ሴት?»

«እንግዲህ ተመልከቱ» አለች ሰሚሓ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መጀመሪያ ክፉ ናት ብለው አሰቡ። ክፉ ናት ብለው ፊት ነሷት። ፊት ስለ ነሷት ተደበቀች። መደበቋን ደግሞ ለክፋቷ ማስረጃ አደረጉት። አጎቴ፣ ይቺን የምትደበቅ ሴት የፈጠሯት እርስዎ ቢሆኑስ?»

በዚህ ጊዜ እኔም ጣልቃ ገባሁ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ በወጣት አፍ ሲረታ ማየት ይከብደኛል፤ ቢሆንም እውነቱን መደበቅ ደግሞ የባሰ ይከብደኛል። «ሐጅ፣ ሰሚሓ ያለችው ትክክል ነው ወይም አይደለም ብለን እዚህ ከምንከራከር፣ ሴትየዋን ብንጠይቃትስ?» አልኋቸው።

«እኔ? ‹ሰሃኔን ስጪኝ› ብዬ በሯን ላንኳኳ? ልመና?»

ማንኳኳት ግን አላስፈለገም። ኡም ረፈአት ራሷ ከገበያ ለወጥ የሚሆን የሞሎኺያ ቅጠል ተሸክማ መጣች። ሐጅን ስታይ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ በግድግዳው ጥግ ልታልፍ ሞከረች። ሐጅ በዩሚ ሰሚሓን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ።

«ኡም ረፈአት፣ እንደምን ዋሉ?»

ሴትየዋ ባለችበት ቀረች። «አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ። ያ… ሰሃኑ…» አሉ ሐጅ። «ለሰሃኑ ብዬ አይደለም። ቅር ያሰኘንዎት ነገር አለ ወይ ብዬ ነው።»

የኡም ረፈአት ዓይን እንባ ሞላ። «ወላሂ ሰሃንዎ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ባዶውን ልመልሰው? እንዴት አድርጌ? ከሱቅ ገዝቼ ደግሞ፣ ባለቤትዎ በእጃቸው ለሠሩት ኩናፋ እጄ ያልነካውን ልላክ? የእኔ እጅ የሚያውቀው የአገሬን የፀሐይ ዳቦ ነው። እሱን ጋግሬ፣ ትኩሱን ይዤ ልመጣ ነበር ሐሳቤ።»

«ታዲያ ምን ከለከለዎት?»

«ስሙ ላይ እኮ ነው፤ ሊጡ ፀሐይ ላይ ካልዋለ አይነሣም። የእኔ ቤት መስኮቱ ሁሉ በሕንፃው መካከል ወዳለው የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ ነው፤ ፀሐይ አታውቀውም። በመስኮቱ ሞከርኩ፣ ድንጋይ ሆነብኝ። ፀሐይ ያለው ከጣሪያው ላይ፣ ሰገነቱ ላይ ነው፤ ሰገነቱ ደግሞ…»

ቀሪውን መናገር አላስፈለጋትም። ሰገነቱን የቆለፉት፣ ሴቶቹ በልብስ ማስጫ ገመድ በተጣሉ ጊዜ፣ ሐጅ በዩሚ ራሳቸው ናቸው። ቁልፉም ያን ሰዓት ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ለምን አልጠየቁኝም?» አሉ ሐጅ።

«ሰላምታዬን የማይመልስ ሰው ቁልፍ ይሰጠኛል ብዬ? ‹የእስክንድርያ ሰው ኩሩ ነው፣ ሰዒዲን ይንቃል› አልኩ። ልጄንም፣ ዓርብ ተዋርደህ እንዳትመለስ ይቅርብህ እያልኩት ነበር።»

ሰሚሓ ፈገግ እንኳ አላለችም፤ ይህም ከተናገረችው ሁሉ ይበልጥ አስደነቀኝ። እኔ ግን በልቤ፣ በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ስሕተት ሲጋገር ከርሟል አልሁ። እሳቸው ሰዒዲን ከሰሱ፣ እሷም እስክንድርያን ከሰሰች፤ በመካከሉ ጥፋቱ የአንድ በር ነበር።

«እኔው ቆልፌ፣ እኔው ከሰስኩ» አሉ ሐጅ በዩሚ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በኡም ረፈአት እጅ ላይ አኖሩት። «ይውሰዱት። ለሁሉም ይከፈት። ለዓርብ ደግሞ እንጠብቃችኋለን፤ ዳቦ ኖረም አልኖረም።»

ለዓርብ ዳቦው ነበረ፤ ውጭው ደረቅ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ በሞሎኺያ ወጥ ሲበላ ሌላውን ሁሉ የሚያስረሳ። ሰገነቱም ከዚያ ወዲህ አልተቆለፈም። ሴቶቹ ልብስ የሚያሰጡበትን ቀን ራሳቸው ተከፋፈሉ፤ ጠቡም ቀረ። እትዬ ኒዕመት የዳቦውን አሠራር እየተማሩ ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ውድ አይደለም፦ ሰውን ከመክሰስ በፊት ያለበትን ሁኔታ መመርመር፣ ለራሳችን የምንሰጠውን ሰበብ ለባዕዱም መስጠት፣ ጥርጣሬ ሲያድርብንም ሰላምታን አለማቋረጥ ነው። እንዲህ ያደረገ ጎረቤት ያተርፋል፤ ሌሊቱንም በሰላም ይተኛል።

ሐጅ በዩሚ ትልቁን ትምህርት ያገኙት ግን ቁልፉን በሰጡበት ዕለት፣ ኡም ረፈአት ከገባች በኋላ ነው። አብረን ወደ ላይ ወጣን። ኢናስ በሯን ከፍታ ዓይኗ አብጦ ቆመች። አባቷ የሰሃኑን፣ የዳቦውን፣ የሰገነቱን ነገር እየተቻኮሉ ነገሯት። እሷ አልተገረመችም።

«ታውቂ ነበር?» አሏት።

«ረፈአት ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«አባባ፣» አለች ኢናስ፣ «ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ሐጅ በዩሚ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸውም ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ እስቲ ተቀመጪ» አሉ። «ልጁን ትወጂዋለሽ?»