ጋሼ ውሃልክና አዲሱ ፕሮግራም

መነጽሬን ላሠራ የገባሁበት ሱቅ ከአራት ወንበር በላይ አልነበረውም። መነጽር ሠሪው ከመጋረጃ ኋላ መስተዋት ይሞርዳል፤ ማሽኑ ሲነሣ ወንበሩ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ያመጣሁት አሮጌ የወንድ ፍሬም ነው፤ የራሴን መስተዋት እንዲገጥምልኝ። ሠሪው አገላብጦ አይቶ እንደሚሰፋኝ ነገረኝ። ይስፋ ብዬው ተቀመጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከአንዲት ወጣት ጋር ገቡ። ሽማግሌውን ወዲያው አወቅኋቸው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት አብረው ሠርተዋል፤ ሁለቱም የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆች ነበሩ። ሠራተኛው በስማቸው አይጠራቸውም። የተጣመመ ነገር ዓይናቸውን ስለማያልፍ፣ ግንበኛ ግድግዳውን በሚያስተካክልበት መሣሪያ ስም "ጋሼ ውሃልክ" ይላቸዋል። ወጣቷ የእህታቸው ልጅ ናት፤ በዚያው ድርጅት የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራለች።

ጋሼ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከስድስት ዓመት በኋላ መገናኘታችን ነበር። ስለ ጤናዬና ስለማስተምርበት ኮሌጅ ጠየቁኝ። ሌላውን አልጠየቁኝም፤ በልቤ አመሰገንኳቸው።

"ይቺ ናት ጎትታ ያመጣችኝ" አሉ ወደ ልጅቱ እያመለከቱ። "የስልኩን ጽሑፍ እምቢ ያለው ዓይኔ ይመስላታል፤ እምቢ ያለው እኔ ነኝ።"

"ጋሼ፣ ክንድዎን ዘርግተው እንደ አውቶቡስ ቁጥር እኮ ነው የሚያነቡት።"

"የአውቶቡስ ቁጥርስ ወዴት እንደምሄድ ይነግረኛል። ያንቺ ፕሮግራም የሚነግረኝ መዘግየቴን ብቻ ነው።"

ይህን ሲሉ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ያለ ነጭ ፖስታ ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉ። ልጅቱ አይታ ፊቷን አዞረች። የሥራ መልቀቂያ መሆኑን ራሳቸው ነገሩኝ፤ መነጽሩን ለክተው እንደጨረሱ በቀጥታ ሄደው ሊያስገቡት ነው። መነጽሩ ታዲያ ለምን አስፈለገ ብላቸው፣ በጡረታዬ መጽሐፍ አነብበታለሁ አሉኝ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ቤት በገዛ እግሬ ልውጣ፤ ማሽን በሩን ሳያሳየኝ። እህቴ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን።"

ልጅቱ ለመቀለድ ያህል፣ "እትዬ ግን ለሥራ አስኪያጅ ያደላሉ" ብላ፣ ባለቤቴን እንዳነሣችብኝ ስታስተውል ደነገጠች። አላዳላም አልኳት፤ እንዲቀጥሉም ጠየቅኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ አሁን የአንድ ሆስፒታል ተጨማሪ ሕንፃ ያሠራሉ። ድርጅቱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ የቡድን አለቃ የሠራውን በየማታው በስልኩ እንዲያስገባ አዟል። ፕሮግራሙ ያን ተቀብሎ የነገውን ሥራ ራሱ ይደለድላል፤ ተረኛውን ቡድን ይጠራል፤ የሚዘገየውን ቀድሞ ይተነብያል። የዘገየው ሥራ ከነአለቃው ስም በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ በቀይ ይበራል።

የጋሼ ቁጣ የተነሣው ከሁለተኛው ፎቅ መታጠቢያ ክፍሎች ነው። ወለሉ ከሴራሚኩ በፊት ውሃ እንዳያሳልፍ መቀባት ነበረበት። አለቃው ዓርብ ማታ ተቀብቶ አልቋል ብሎ አስገባ። ፕሮግራሙ አምኖ ሴራሚክ ሠሪዎቹን ለቅዳሜ ጠዋት ጠራ። እነሱም ባልተቀባ ወለል ላይ አነጠፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሃ ሲለቀቅ ከሥር ባለው የምርመራ ክፍል ጣሪያ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር፤ ሴራሚኩም ሁሉ በመዶሻ ተነሣ።

"ማሽኑ የተባለውን ሰምቶ አመነ" አሉ ጋሼ። "እኔ ብሆን የሰውየውን ፊት አይቼ አውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጅ ማለት ይኸ ነው።"

ልጅቱ ወደሳቸው ዞረች። ልትናገረው የከበዳት ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር።

"ጋሼ፣ ሰውየውን እኔም ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ቅዳሜ በማለዳ ገብቶ ሊቀባው ነበር፤ ሠሪዎቹ ቀድመውት ደረሱ። እሱ ሲመጣ ግማሹ ተነጥፏል፤ አፍሮ ዝም አለ። ያልሠራኸውን ለምን አልቋል አልክ ብዬ ብጠይቀው፣ 'ጋሼ በኔ ሥራ ላይ ቀይ እንዳላይ ብለውናል' አለኝ።"

ከመጋረጃው ኋላ ማሽኑ ጮኸ፤ ጸጥ እስኪል ሁላችንም ጠበቅን። እኔም በመካከሉ አሰብኩ። የተፈራ አለቃ ውሸትን ሳያዝ ያስተምራል፤ የተከበረ አለቃ ደግሞ ይብሳል፤ ሰው የሚዋሸው ላለማሳዘን ነውና ኃጢአት መሆኑም አይታየውም።

"ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለኔ ኖሯል" አሉ ጋሼ በመጨረሻ። "ጥፋቱ የኔም ይሁን። አሁን ግን የሥጋ ዘመድ ነሽና ሳትደብቂ ንገሪኝ። ይህ ነገር እኔን ይተካኛል ወይስ አይተካኝም?"

"ሪፖርት ከታች እየሰበሰበ ወደ ላይ የሚያደርስ ብቻ ከሆነ፣ ይተካል። አልዋሽዎትም፤ ተተክቷልም። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ባለፈው ወር ሌላ ሥራ ፈልጉ ተብለዋል። ግን ሚስቱ የታመመችበትን ግንበኛ ልቡ ሌላ ቦታ ነው ብለው ከከፍታ ያወረዱት እርስዎ ነዎት። ፕሮግራሙ ያን ሰው የሚያውቀው 'ግንበኛ፣ አንድ' ብሎ ነው። በእርስዎ ራስ ውስጥ ያለው ካልገባለት ግን እንደ መታጠቢያ ቤቱ እየተሳሳተ ይኖራል።"

"እሱማ እኔን እስኪጨርስ ነው። የማውቀውን ሁሉ አፍስሼ ከሰጠሁት በኋላ ምን ያደርግልኛል? ባዶ ጆንያ ማን ያስቀምጣል?"

የጋሼ እጅ ወደ ደረት ኪሳቸው ሲሄድ አየሁ። በሰው ዘንድ ስለ ራሴ ቤት መናገር አልወድም፤ ያን ጊዜ ግን ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

"ጋሼ፣ በሦስተኛው ቀን እኔ ቤት የመጡበትን ያስታውሳሉ?" አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ያስታውሳሉ። ልጅቱ ግን ስለማታውቅ ለእሷ ነገርኳት። ባለቤቴ ባረፈ በሦስተኛው ቀን ጋሼና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ሊያጽናኑኝ መጡ። ሌላው ሰው ሲወጣ እነሱ ቀሩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ፣ ሲያዞሩ ቆዩና የሥራ ደብተር ትቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ባለቤቴ ያሠራው የነበረው የአንድ ሰፈር የውሃ ማማ ከመሠረቱ ጥቂት ከፍ እንዳለ ሥራው ቆሟል፤ የቀረውን የሚያውቅ ሰው የለም። አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር አመጣሁላቸው። ሦስቱ በየተራ ገለጡት። ግማሽ ፊደል፣ ቁጥርና ቀስት ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔም ከአንድ መስመር በቀር ልፈታው አልቻልኩም፤ ያችም ስለ እኔ የጻፋት እንጂ የሥራ አልነበረችም። ማማው አምስት ወር ብረቱ እየዛገ ቆመ፤ የሰፈሩ ሰው ውሃ በጀሪካን ሲቀዳ ከረመ።

"ያን ቀን በመጠየቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ" አሉ ጋሼ።

"እርስዎን አልተቀየምኩም። ሰው ሁሉ 'እሱ ከሌለ ሥራው አይሄድም' ይለው ነበር፤ ምስጋና ነው ብለን ሁለታችንም ደስ ይለን ነበር። ስልኩ ሳይጠራ እራት በልተን አናውቅም። ሕመሙን እንኳ የነገረኝ ሥራው መልክ እስኪይዝ ብሎ አቆይቶ ነው። እኔ ስለ ማሽን ብዙ አላውቅም፤ ያን ሁሉ የሚይዝለት አንድ ነገር ቢኖር ኖሮ ግን አይተካውም ነበር። ያሳርፈው ነበር።"

ይህን ብዬ ሳበቃ መነጽር ሠሪው ጠራኝ። ፍሬሙን አጥፌ፣ ዘርግቼ፣ አደረግሁት። በእርግጥ ይሰፋል። ዞር ስል ጋሼ ፊቴን ትኩር ብለው አዩ። የባለቤቴ ፍሬም መሆኑን አወቁ።

ከዚያ እስክሪብቶ ለመኑ። ፖስታውን ቀድደው ደብዳቤውን አወጡ፤ በጀርባው ገልብጠው በጉልበታቸው ላይ አስደገፉት፤ ራሳቸውን ወደ ኋላ ሸሸት አድርገው መጻፍ ጀመሩ። ልጅቱ በትከሻቸው በኩል አነበበችው፦ "አንደኛ፤ በምሥራቅ በኩል ከአጥሩ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ በፕላኑ ላይ ያልተመለከተ አሮጌ የውሃ ቧንቧ አለ።"

"ጋሼ፣ እኛ እኮ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያ ልንቆፍር ነው። ይኸን ማንም አያውቅም?"

"አሁን አንቺ አወቅሽ" አሉና ወደ ሁለተኛው አለፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጅቱ እየደወለች ነግራኛለች። የቅቡን አለቃ ጋሼ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። ቀዩም ቀረ ማለት አይቻልም፤ ይበራል፤ ግን ከጎኑ "እርዳታ ይፈለጋል" የሚል ተጽፏል፤ ቀይ በበራበት ቀን መቆጣትም ክልክል ነው። አንድ ሥራ አልቋል የሚባለው ተከታዩ ቡድን መጥቶ በዓይኑ አይቶ ሲቀበለው ነው። ጋሼ ቀድሞ ሪፖርት ሲጽፉ የሚያልፈውን ጠዋት አሁን ፎቅ ለፎቅ እየዞሩ ሰው ሲያነጋግሩበት ያረፍዳሉ። በዝናቡ ወራት ሁለት ሳምንት ታመው ተኙ፤ የጻፉት ሁሉ ወደ ፕሮግራሙ ገብቶ ስለነበር ሥራው አንድ ቀን እንኳ አልቆመም፤ እሳቸውም ስልካቸውን ዘግተው ተኝተው ዳኑ። የምርመራ ክፍሉ ጣሪያ ደርቆ፣ ዛሬ ሐኪሞች ሕመምተኛ ያዩበታል።

አንባቢ ሆይ፣ በየመሥሪያ ቤቱ "እኔ ከሌለሁ አይሆንም" የሚል ሰው አለ፤ ምናልባትም እርስዎ ነዎት። የሚያውቁትን ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል መንገድ ይጻፉት፤ የሚይዝልዎት መሣሪያ ከተገኘም አይፍሩት። መሣሪያው ወስዶልዎት ለሰው የሚቀረው ሥራ ትንሽ አይደለም፤ ፊት አይቶ መጠየቅ ነው። አረንጓዴው ደብተር አሁንም ከእኔ ዘንድ አለ። በአዲሱ መነጽርም ገልጬ አይቼዋለሁ፤ የምትነበበኝ ያችው አንዷ መስመር ብቻ ናት።