ሁለተኛው ዱዓ

አሰበ ተፈሪ ላለው ቢሯችን አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ደረሰውና ፕሮግራሙን እንዳስተካክል እኔ ከአዲስ አበባ ተላክሁ። በሁለት ፍሎፒ ዲስክ የያዝኩት የፕሮግራም መጻፊያ ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው በአንድ ጊዜ አንዲት መስመር ብቻ ያሳያል፤ አዲሱ ግን ስክሪኑን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። አለቃዬ «ያንን ጡረተኛ ማሽን አዲሱ ይከብደዋል» ብሎኝ ነበር። ግን ሠራተኛው ሁሉ ሊያይ ከቦኝ ቆሟል፤ በአንዲት መስመር ማን ይደነቃል? አዲሱን መረጥኩ።

የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ኦቦ አሕመድ «ሥራ ያለ ዱዓ አይጀመርም» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም አሚን አልን። ቁልፉን ስጫን ማሽኑ ድርቅ! ላብ አጠመቀኝ። «መብራቱ ነው» ልል አፌን ስከፍት ኦቦ አሕመድ ቀደሙኝ።

«አብሽር ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዱዓውን አቻኮልኩት» አሉና እንደገና እጃቸውን ዘረጉ።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! እሳቸው ሲለምኑ፣ ሰዉም ዓይኑን ጨፍኖ አሚን ሲል፣ እኔ የአሮጌውን መጻፊያ ፍሎፒ ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀስ ብዬ አስገባሁና ማሽኑን እንደገና አስነሳሁት። ማሽኑ ሠራ። ሰዉ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ!» እያለ እጃቸውን ሊስም ተሰለፈ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ከኋላ ተሰለፍኩ።